ዘጠና አራት ኪሎ

ጥፊው ሲያርፍባት የብሪቱ ጆሮ ጭው አለ። እስክሪብቶዋ ከእጇ ተፈናጥሮ ጭቃ ውስጥ ገባ። ከንፈሯን በምላሷ ስትነካው ደም ደም አላት፤ ጉንጯ መንደድ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

«እኔን ነው እንደ ገበያ ሰንጋ በአደባባይ የምትጠሪኝ?» አለ ረጋሳ፣ እጁ ገና ሳይወርድ። «አንቺ የዳበሳ ልጅ አይደለሽም? አባትሽ ይኼን ነው ያስተማረሽ?»

ከኋላው አሥር መንገደኞች ተሰልፈዋል። አንዱ ስልኩን መጎርጎር ጀመረ፣ ሌላዋ የነጠላዋን ጫፍ ማስተካከል። 

ጥፋቷ ሚዛኑ ላይ ያየችውን ቁጥር መጥራቷ ነበር። «ዘጠና አራት!» ብላ ጮክ ብላ ጠራች፤ ሥራዋም ይኸው ነው። ዳቡስ ኤር የሚባለው ኩባንያ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የጠጠር ማረፊያና አንዲት አሥራ ሁለት ወንበር ያላት አውሮፕላን አለው፤ ሌላ ንብረት የለውም ቢባል ውሸት አይሆንም። መንገዱ በተኩስ በሚዘጋበት ሰሞን ወደ ቡለንም ሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚለምነው እሷን ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ አውሮፕላን የምትሸከመው በልክ ስለሆነ ሻንጣው ብቻ ሳይሆን ባለ ሻንጣውም ከነኮቱ ከነጫማው ይመዘናል። የሚዛኑ ፊት የዞረው ወደ ብሪቱ ነው፤ ቁጥሩን የምታየው እሷ ብቻ ናት። እሷ ትጠራለች፣ የማረፊያው ኃላፊ ኪዳኔ መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ አብራሪው መዝገቡን አይቶ ይነሳል።

እንደ ቦታው ልማድ ከሆነ ረጋሳ መመዘን አልነበረበትም። እዚህ ማረፊያ ላይ ትልቅ ሰው አይመዘንም። ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ሼሁ፣ ስመ ጥሩ ነጋዴ ኪሎውን በአፉ ይናገራል፤ ኪዳኔም አንገቱን ሰበር አድርጎ የተባለውን ይጽፋል። ያን ማክሰኞ ግን ኪዳኔ ራቅ ብሎ ስልክ ያወራ ነበርና ብሪቱ ሁሉንም በየተራው ሚዛኑ ላይ ማውጣት ጀመረች። ረጋሳም ልጅቷ ዝም ብላ ታሳልፈኛለች ብሎ ነው መሰል፣ ወጣ።

ኪዳኔ ስልኩን ዘግቶ እየሮጠ መጣ። «ጋሽ ረጋሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልን! ለልምምድ የመጣች ልጅ ናት፤ ምኑንም አታውቅም። ስንት ልበል?»

«ሰባ ስምንት ነኝ።»

«ሰባ ስምንት።» መዝገቡን ወደ ብሪቱ ገፋው። «ጻፊ።»

ብሪቱ እስክሪብቶዋን ከጭቃው አንስታ በቀሚሷ ጠረገችው።  ከረጋሳ በኋላ የቆሙት አራት ትልልቅ ሰዎችም በአፋቸው ተናገሩ፤ የእነሱንም ጻፈች።

ጠጠሩ በሐምሌ ዝናብ ላቁጦ ነበር። አውሮፕላኗ ሮጠች፣ ሮጠች፣ ማኮብኮቢያው ሊያልቅ ሲል ጎማዎቿ መሬቱን ለቀቁ፤ ዳር ላይ የቆሙትን የማንጎ ዛፎች ጫፍ በሆዷ ጠርጋ አለፈች። ቅርንጫፍ ተሰብሮ ወደቀ። ኪዳኔ «እግዚኦ!» ብሎ በርሜል ላይ ዘፍ አለ። ብሪቱም ጉንጯን ለአፍታ ረሳችው።

ብሪቱ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ክረምቱ ሲያልቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች። አብራሪ እሆናለሁ ማለት የጀመረችው ስድስተኛ ክፍል ሳለች ነው፤ ሰው ሲስቅባትም አልተወችውም። ዳቡስ ኤር «የሦስት ወር ኢንተርንሺፕ» የሚል ማስታወቂያ ትምህርት ቤታቸው በር ላይ ሲለጥፍ ከሃያ ሰባት አመልካቾች የተመረጠችው እሷ ናት። ደመወዝ የለውም። ሲያልቅ ግን የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጣል፤ ለአብራሪነት ትምህርት ስወዳደር በር ይከፍትልኛል ብላ ተስፋ ያደረገችው በዚያ ደብዳቤ ነበር። እስካሁን ባሉት አሥራ አንድ ቀናት ሻንጣ ተሸክማለች፣ ትውከት ጠርጋለች፣ የነዳጅ በርሜል አንከባልላለች። ኮስታራው አብራሪ ካፒቴን እዩኤል ያናገራት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም «ከፕሮፔለሩ ራቂ» ብሎ።

ጓደኛዋ ትዕግሥት ነገሩ ከጅምሩ አልጣማትም ነበር። ጥፊውን በስልክ ስትሰማ ጮኸች።

«ተመታሽ? በነፃ እየሠራሽላቸው? ብሪ፣ የምርሽን ንገሪኝ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? የመግቢያ ፈተናው ሒሳብና ፊዚክስ ነው እንጂ ሻንጣ ማንሳት አይደለም። ሰኞ የማጠናከሪያ ትምህርቱ ይጀመራል፤ ጎኔ ቦታ ይዤልሻለሁ። የቀሽም ኩባንያ ተላላኪ ሆነሽ ክረምቱን አታቃጥይው!»

«እተወዋለሁ» አለች ብሪቱ። የምሯን ነበር።

እቤት ስትገባ ፊቷን በሻሽ ሸፍናለች። ታላቅ ወንድሟን ዋቅሹማን ግን በሻሽ ማታለል አይቻልም። ዋቅሹማ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ቀልዱ የማያልቅ፣ ከተናደደ ደግሞ ምድር የማትበቃው ልጅ። ሻሹን ገለጠው። አምስቱም ጣቶች ጉንጯ ላይ ታትመዋል።

«ማነው?»

«ወደቅኩ።»

«መሬት ጣት አለው እንዴ? ማነው አልኩሽ!»

ነገረችው። አባታቸው ዳበሳ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ተቀመጥ አንተ! ረጋሳ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ሰው ልከን በወግ እናናግረዋለን።»

«እሱ በወግ ነው የመታት?» ዋቅሹማ የቀረበለትን ሳህን ከነምግቡ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። እናታቸው ኢልሊ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን መልቀም ጀመሩ። ብሪቱ ያን ጊዜ በወንድሟ ጥብቅና ደስ አላት፤ ኋላ ላይ ራሷን የጠላችበት ደስታ ነው።

ሐሙስ ዕለት ወደ ማረፊያው የሄደችው ልትሰናበት ነበር። አውሮፕላኗ ከቡለን ተመልሳ ስታርፍ ካፒቴን እዩኤል ወርዶ ቀጥ ብሎ ወደ ሚዛኑ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ማክሰኞ የረጋሳን ኪሎ ማን ነው የጻፈው?»

ኪዳኔ መዝገቡን ከደነው።

«እኔ ነኝ» አለች ብሪቱ።

«ሚዛኑ ስንት አለሽ?»

«ዘጠና አራት።»

«የጻፍሽውስ?»

«ሰባ ስምንት።»

«ቡለን ስናርፍ ከኮቱ ሥር ምን እንዳወጣ ታውቂያለሽ? ጥይት! ደረቱንና ወገቡን በጨርቅ ጠቅልሎ የታጠቀው ጥይት ነው። እሱ ላይ በአፋቸው የተጻፉትን አራቱን ጨምሪ።» ወደ ማንጎዎቹ ጠቆመ። «እዚያ ጋ አሥራ ሁለት ሰው ይዤ ልከሰከስ ነበር። እኔ ላይ ሆኜ ያለኝ ያንቺ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሌላ ዓይን የለኝም። የምትዋሺኝ ከሆነ ከዚህ ጥፊልኝ።»

 እውነቱን ስትናገር በጥፊ፣ የተባለችውን ስትጽፍ በስድብ! ብሪቱ ቢጫ ሰደርያዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «እጠፋለሁ! እኔስ መቼ ልቆይ መጣሁ!» እንባዋ ቀደማት።

የባጃጁን ጩኸት የሰማችው ያን ጊዜ ነው። የዋቅሹማ ባጃጅ የቆርቆሮውን በር በርግዶ ገባ። ዋቅሹማና ሁለት ጓደኞቹ ዘለው ወረዱ፤ በእጁ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል። ረጋሳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከአውሮፕላኗ ወደ መውጫው እየመጣ ነበር።

«ዋቅሹማ! ተው!»

ብረቱ መጀመሪያ ትከሻውን አገኘው። ቀጥሎ ሊከላከልበት ያነሳውን ክንድ። ሦስተኛው ጭንቅላቱ ላይ አረፈ፤ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ረጋሳ በጉልበቱ ወደቀ፣ ከዚያ ጭቃው ላይ በፊቱ ተዘረጋ። ሁለቱ ጓደኛሞች በእርግጫ ተረባረቡበት። ብሪቱ የወንድሟን ወገብ ይዛ ጎተተች፤ በክርኑ ደረቷን መታትና ወደቀች።

«ላንቺ ነው!» እያለ ይጮኻል ዋቅሹማ፣ ብረቱን ደግሞ እያነሳ። «ላንቺ ነው እኮ!»

ፊቱን ቀና ብላ አየችው። የምታውቀው ወንድሟ አልነበረም። ፈራችው።

ረጋሳን ሊቀበል በሞተር ብስክሌት የመጣ አንድ ጠባቂ ነበረ። ክላሹን ከትከሻው አወረደ። የመጀመሪያው ጥይት ወደ ሰማይ ሄደ፤ ሁለተኛው ጠጠር አስነሳ፤ ሦስተኛው ዋቅሹማን ቀኝ ጭኑ ላይ መታው። ዋቅሹማ ምን እንደነካው የገረመው ይመስል እግሩን ቁልቁል አየና ተቀመጠ። መንገደኛው ጩኸቱን እያቀለጠ ተበታተነ። ጠባቂውም ባደረገው ነገር ራሱ ደንግጦ ሞተሩን አስነስቶ ፈረጠጠ፤ ከዋቅሹማ ጓደኞች አንደኛው እግሬ አውጪኝ አለ። ቢቂላ የሚባለው ግን ቀረ።

ደሙ ይገነፍላል። ከመንገደኞቹ መካከል ጾሬ የስደተኞች ካምፕ የምትሠራ ነዕማ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ዋቅሹማ አጠገብ ተንበረከከች።

«አንተ ልጅ! ቀበቶ አምጣ! ቶሎ! ወላሂ ይሞታል!» አለቻት ብሪቱን። የነዕማ የአፍ መፍቻ ቋንቋ በርታ ነው፤ አማርኛ ስትናገር ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትለዋለች።

ብሪቱ የኪዳኔን ቀበቶ ከወገቡ ላይ ፈታ ሰጠቻት። ነዕማ ጭኑን አስራ በእንጨት ጠመዘዘችው። ዋቅሹማ ጮኸ፤ ብሪቱ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም።

«ደም ሥሩ ተቆርጧል። ይኼ አዲስ አበባ ካልሄደ የለም» አለች ነዕማ። ከዚያ ወደ ረጋሳ ዞረች፤ ራሱን በሻሿ ጠቅልላ ልቡን አዳመጠች። «ይኼም ጭንቅላቱ ተሰብሯል። እሱም አሁን መሄድ አለበት።»

ካፒቴን እዩኤል የኋላ ወንበሮቹን እየነቀለ ይጥል ጀመር። «ለአዲስ አበባ ነዳጅ መሙላት አለብኝ፤ ሜዳው ጭቃ ነው። ሁለት መቶ ሃያ ኪሎ ብቻ! ከዚያ አንድ ኪሎ ቢጨመር አልነሳም!» ኪዳኔ መዝገቡን አቅፎ በርሜል ጀርባ ተሸሽጓል። ካፒቴኑ ትቶት ዞረ። «ብሪቱ! ቁጥር ስጪኝ!»

ስሟን የሚያውቅ አልመሰላትም ነበር። ተነስታ ሚዛኑ ጀርባ ቆመች።

ዋቅሹማን ተሸክመው ሚዛኑ ላይ አወጡት። «ስልሳ ስድስት!» ነዕማ ወጣች። «ሃምሳ ስምንት!» ፍራሹና ሳንቃው። «አሥር!» አንድ መቶ ሠላሳ አራት ሆነ። የቀረው ሰማንያ ስድስት ነው።

ይኼኔ ልጃቸው ብረት ይዞ መውጣቱን ሰምተው በሰው ሞተር የተከተሉት ዳበሳ ደረሱ። ማንንም ሳይጠይቁ አንድ እግራቸውን አውሮፕላኗ ውስጥ አስገቡ። «እኔ ሰባ ነኝ፤ ጻፊ! ልጄ ብቻውን አይሞትም!»

ረጋሳን ሁለት መንገደኞች አንስተው ሚዛኑ ላይ አጋደሙት። ቢቂላ ብሪቱን ትከሻዋን ይዞ ናጣት። «የመታሽን ሰው ልትጭኚ ነው? አባትሽን አስቀርተሽ? ተይው እዚሁ ይበስብስ!»

መርፌው ተወዛውዞ ቆመ። ሰባ ስምንት።

ቁጥሩን የምታየው እሷ ብቻ ናት። ማክሰኞ ዕለት ከአፏ «ዘጠና አራት» ሲወጣ ደግሞ ስንቱ ሰምቷል፤ ያንኑ ብትደግመው የሚጠረጥራት የለም። ዘጠና አራት ካለች ረጋሳ ይቀራል፣ አባቷ ይሄዳሉ፣ ወንድሟ እጁን የሚይዝለት ሰው ያገኛል። ማለት ፈለገች። በጣም ፈለገች፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የረጋሳ አንድ ዓይን በደም መሀል ተከፍቷል፤ እሷን ይይ ሰማዩን አይታወቅም።

«ቁጥር!» ጮኸ ካፒቴኑ።

«ሰባ ስምንት» አለች ብሪቱ።

ዳበሳ ዞረው አዩዋት።

«አባ፣ ይውረዱ።»

«ብሪቱ…»

«እርስዎ ከተጨመሩ አይነሳም። ዋቅሹማ እዚሁ ይሞታል። አባዬ፣ በፈጠረዎት ይውረዱ!»

ወረዱ፤ የወረዱት ግን ካፒቴኑ ክንዳቸውን ይዞ ነው። አውሮፕላኗ ጭቃውን እየረጨች ሮጠች፤ ከማንጎዎቹ በላይ በደህና ከፍ ብላ አለፈች። ቢቂላ ብሪቱን በሁለት እጁ ገፍትሮ ጣላት፤ ጎኗ ላይ ምራቁን ተፋ። «ወንድምሽን በጠላትሽ ለወጥሽው!» አላት። አባቷ ቆመው እያዩ ነበር። 

ዋቅሹማ ተረፈ፤ እግሩ ግን አልተረፈም። ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ቅዳሜ ዕለት አልጋው አጠገብ የቆመው ፖሊስ ስልክ አቀብሎት ደወለ። «ብሪ፣ የባጃጅ ፍሬን በምን እንደምረግጥ አስቢልኝ እስቲ» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ እሷም አብራው አለቀሰች። ረጋሳ ገና አልነቃም አለ። ፍሬን የሚረገጥበት ባጃጅም አልነበረም፤ ዓርብ ዕለት የረጋሳ ዘመዶች ማረፊያው በር ላይ በቤንዚን አቃጥለውታል። ማታ ቆርቆሯቸው ላይ ድንጋይ ይዘንብ ጀመር። ሽማግሌዎች ከቤት ወደ ቤት ይመላለሳሉ። ዳበሳ ከሐሙስ ጀምሮ ልጃቸውን አላነጋገሯትም፤ ብሪቱን ከድንጋዩ ሁሉ ይበልጥ ያመማት ይኼ ነበር።

እሑድ ኪዳኔ ደወለ። «ደብዳቤሽን ጽፌ ማኅተም አድርጌበታለሁ። ሦስቱንም ወር ጨርሳለች ይላል። ነገ ጠዋት ብቅ ብለሽ ውሰጂው፤ ከዚያ በኋላ ግን ባትመጪ ይሻላል። ለራስሽ ብዬ ነው።»

ሰኞ ትዕግሥት በኮንትራት ባጃጅ አብራት ሄደች። «በቃ፣ የፈለግሽውን አገኘሽ! ሦስት ወር በሁለት ሳምንት፣ ከዚህ በላይ ምን አለ?» አለቻት መንገዱን ሙሉ። በሩ ላይ ስታወርዳት ደግሞ «አምስት ደቂቃ ብቻ! ክፍሉ ይሞላል» ብላ አስጠነቀቀቻት።

ደብዳቤው በወፍራም ወረቀት ላይ ነው፤ «በትጋትና በታማኝነት» ይላል። ብሪቱ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ያየችውን ቀን አንዱንም አላገኘችበትም። ቀና ስትል ካፒቴን እዩኤል አውሮፕላኗ ሥር ቆሞ መዝገቡን ይጠብቃል፤ ስምንት መንገደኞች ተሰልፈዋል። ከፊት የቆሙት ኤጀታ ናቸው፤ የረጋሳ ታላቅ ወንድም። በትራቸውን ይዘው ወንድማቸውን ሊያዩ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። አወቋት። 

ኤጀታ ዓይናቸውን ከእሷ ነቅለው ወደ ኪዳኔ ዞሩ። «ሰባ ሁለት ነኝ።»

ኪዳኔ አንገቱን ሰበር አድርጎ እስክሪብቶውን አነሳ።

ብሪቱ ስልኳን አወጣች። «አንቺ ሂጂ። ማስታወሻሽን ማታ ማታ እየመጣሁ እቀዳለሁ» ብላ ለትዕግሥት ላከችላት። ደብዳቤውን ኪዳኔ ፊት መልሳ አስቀመጠችና ምስማር ላይ ከተንጠለጠሉት ሰደርያዎች አንዱን አንስታ ለበሰች።

«ብሪቱ! ምን መሆንሽ ነው?» አለ ኪዳኔ በሹክሹክታ። «ኧረ ተይ፣ በማርያም!»

ከሚዛኑ ጀርባ ቆመች። «አባባ፣ ሚዛን ላይ ይውጡ።»

ሽማግሌው በትራቸውን ጨበጡ። ብሪቱ ፈርታለች። ፊቷን ግን አልሸፈነችም። ኤጀታ ብዙ ቆይተው አዩዋት፤ የተሰለፈውም ሰው፣ ካፒቴኑም አዩ። ከዚያ በትራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው አንድ እግራቸውን ሚዛኑ ላይ አወጡ፤ ቀጥለውም ሁለተኛውን።

«በትሩንም ይያዙት» አለች ብሪቱ።  «እሱም አብሮ ነው የሚሄደው።»

ኤጀታ በትሩን አንስተው ያዙ። መርፌው እስኪቆም ጠበቀችና «ስልሳ ዘጠኝ!» ብላ ጮክ ብላ ጠራች። ኪዳኔ እንደነገረችው ጻፈ።